እትዬ አስካለና የግራ እግሬ

ስልኩ ሲጠራ ወለል ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ በክርኖቼ ተደግፌ፣ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ነበር። ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቁጥሩ የኢትዮጵያ ነው።

«ጋሽ ሰለሞን ነዎት? ትዕግሥት እባላለሁ፤ የአስካለ የወንድም ልጅ ነኝ። ከድሬዳዋ ነው የምደውለው» አለችኝ አንዲት የማላውቃት ሴት። በዚህ ሰዓት የሚደወል ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል።

«አክስቴ ትናንት ዐረፈች። ልብ ነው አሉን» አለች። «ስልክዎን ደብተሯ ላይ አግኝቼ ነው። አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኝ ነበር፤ እኔ ዛሬ ነገ ስል ሳልደውል ቀረሁ። እግርዎ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው» አልኳት። ልነሣ ፈልጌ ነበር፤ እኔ ግን ከወለል የምነሣው በሥርዓት ነው። መጀመሪያ በጎን መዞር፣ ከዚያ ቀኝ ጉልበት፣ ከዚያ ሁለት እጅ ወንበሩ ላይ። ሥርዓቱን ያስተማሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ምንጣፉም የእሳቸው ነው። መርዷቸውን እሳቸው ባስተኙኝ አተኛኘት፣ በእሳቸው ምንጣፍ ላይ ሰማሁት።

ስለ እኚህ ሴት ሳወራ ስለ እግሬ ማውራቴ አይቀርም። ያገናኘን እግሬ ነውና ታገሡኝ።

የምኖረው ጅቡቲ ነው፤ የምሠራው ትራንዚት። ወደብ ላይ የወረደ የኢትዮጵያ ዕቃ ወረቀቱ አልቆ እስኪጫን ድረስ የሚሯሯጠው ሰው እኔ ነኝ። ሩጫው ስም ብቻ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ቡላኦስ ሰፈር በሚገኝ አንድ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የሮጥኩት። ቀን ሩዝ በሥጋ፣ ማታ የየመኖቹን የተጠበሰ ዓሣ ከነዳቦው ስበላ መቶ አራት ኪሎ ገባሁ። አንድ ቀን ጠዋት ካልሲ ለማድረግ ጎንበስ ስል ከግራ መቀመጫዬ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ድረስ ኤሌክትሪክ የለቀቁብኝ መሰለኝ። ካልሲዬን በእጄ እንደያዝኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ግማሽ ሰዓት ቀረሁ።

ሐኪሙ «ሲያቲክ» አለኝ። ከወገብ ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ተጭኗል ማለት ነው። «ክብደት ቀንስ፤ እንቅስቃሴ አድርግ» ብሎ ሸኘኝ። ለመክሳት መንቀሳቀስ አለብኝ፤ ለመንቀሳቀስ እግሬ እሺ ማለት አለበት፤ እግሬ እሺ እንዲል ደግሞ መክሳት አለብኝ። ይህን በር ላይ ቆሜ ብነግረው «ቀስ በቀስ» አለኝ። «ቀስ በቀስ» የሚል ሰው ሁሉ ወገቡን አሞት እንደማያውቅ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ ሐኪም ሆነብኝ። የቢሮ ባልደረባዬ ጉሌድ ሶማሌ ነው፤ አጎቱ ዳሌውን በጋለ ብረት ተተኩሶ እንደዳነ ነግሮኝ ተኳሹን ሊያመጣልኝ ተነሣ። የማከራየኝ ሰው የግመል ስብ ቀባ አለኝ። እኔ ራሴ ደግሞ ስልክ ላይ ባየሁት ቪዲዮ ቦርጬን ላጠፋ ብዬ በጀርባዬ ተኝቼ እየተነሣሁ የእግር ጣቴን መንካት ጀመርኩ። አሥረኛው ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ክብደቴ በሦስቱ ቀን ሁለት ኪሎ ጨመረ።

እንዲህ እያነከስኩ ነው አንድ ቀን ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ የሄድኩት። ለአንዲት የውጭ አገር ሴት የቤት ዕቃዋ በመርከብ መጥቶላት ፊርማዋ ያስፈልገኝ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ሠራተኛዋ ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ ያሠሩ፣ ሃምሳን ያለፉ ሴት። «ማዳም እስክትወርድ ቁጭ በል» አሉኝ።

«ግድ የለም እትዬ፣ መቆም ይመቸኛል» አልኳቸው።

«አልተመቸህም» አሉ። ዞር ብለው አዩኝ። «ግራው ነው?»

«አዎ።»

«እስከ ጉልበት ነው ወይስ እስከ ተረከዝ?»

«እስከ ትንሿ ጣት።»

«ስታስነጥስ ይብስብሃል?»

«ማስነጠስ ትቻለሁ» አልኳቸው። አልሳቁም።

«በል ጫማህን አውልቅና ወጥ ቤት ግባ።»

ለምን እንደታዘዝኳቸው አላውቅም። በነጭ ሸሚዜና በክራቫቴ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰማያዊ ምንጣፍ ላይ በሆዴ ተኛሁ። በክርንህ ተደገፍ አሉኝ፤ ተደገፍኩ። አሥር ጊዜ ተንፍስ አሉኝ፤ ተነፈስኩ። በዚህ መሀል ማዳሟ ወረደች። የትራንዚት ሰውዋ ከምድጃዋ ሥር ተዘርግቷል። ልታባርረን ነው ስል ወረቀቱን ከጎኔ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ፈረመችና እዚያው ቦታው መልሳው ወጣች።

«ለምዳዋለች» አሉ እትዬ አስካለ። «አሁን የት ደረሰ?»

ሕመሙን ፈለግኩት። ጣቴ ላይ አልነበረም። «ባቴ ላይ» አልኳቸው።

«እንዲህ ነው። ከጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ዳሌ ከወጣ እየለቀቀህ ነው። ወገብህ ላይ ሲደርስ ቢብስ እንኳ አትደንግጥ፤ ወደ ቤቱ እየገባ ነው። ወደ ታች ከወረደ ግን የምትሠራውን ተው።» ይህ ነው ትምህርታቸው። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ከየት እንዳመጡት የነገሩኝ በኋላ ነው። በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ተቀጠሩ። ሴትዮዋ ኪኔ ነበረች፤ ወገብና መገጣጠሚያ በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ። ሕመምተኛ የምትቀበለው እዚያው ቤቷ ነው። የሚመጣው ሶማሌ ነው፣ አፋር ነው፣ ዓረብ ነው፣ ሐበሻ ነው፤ እሷ የምታውቀው ፈረንሳይኛ ብቻ። ስለዚህ እትዬ አስካለን ከወጥ ቤት ትጠራና ምንጣፉ ላይ አስተኝታ «እንደ እሷ አድርግ» ትላለች።

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ትጠራኛለች፤ በሽንኩርት እጄ እተኛለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሥዕሏ ነበርኩ» አሉኝ። «የሕክምናውን ስም አላውቀውም፤ የፈረንሳይ ስም አለው። እኔ የማውቀው ሰው ሲገባ እንዴት እንደገባ፣ ሲወጣ እንዴት እንደወጣ ነው።»

ኪኔዋ አገሯ ስትገባ ምንጣፉን ለእሳቸው ተወችላቸው። ወሬው ሰው ቤት በሚሠሩት ሴቶቻችን መካከል ዞረ። ወለል በመወልወልና ልብስ በማጠብ ወገቡ ያልተያዘ የለምና ዓርብ ዓርብ እየመጡ ይማሩባቸዋል። እኔ አምስተኛ ሆኜ ገባሁ፤ ወንድ ከእኔ በቀር አልነበረም።

ዓርብ ሥራ የለም። ፀሐይ ሳትወጣ ሲየስታ ባሕር ዳርቻ እንገናኛለን፤ ከዚያ በኋላማ በጅቡቲ ፀሐይ እንኳን የታመመ ጤነኛም አይራመድም። እትዬ አስካለ ከኋላ ከኋላ እየመጡ አካሄዳችንን ያያሉ። «ባሕሩን እያየህ ሂድ፤ እግርህን ስታይ ትጎብጣለህ» ይሉኛል። ጉራዬ መጥቶ ፈጠን ካልኩ «እስኪያምህ አላልኩም፤ ሊያምህ ሲል አልኩ» ይላሉ። በቃ ስባል እንቢ ካልኩ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ደግሞ ሥራህም ወረቀት ነው» ብለው ሴቶቹን ያስቁብኛል። በሌላው ቀን ብቻዬን እሄዳለሁ።

ከባሕሩ በቀጥታ ማዕከላዊ ገበያ ይወስዱኛል። የቤት ሚዛን ውሸታም ነው ይሉ ስለነበር የሚመዝኑኝ አንድ ሐጂ ጆንያ በሚመዝኑበት ትልቅ ሚዛን ላይ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጫማዬን አውልቄ ብወጣበት ሐጂው ብረቱን ገፋ ገፋ አድርገው «ሁለት ጆንያ ሽንኩርትና ትንሽ ቃሪያ» አሉ። ገበያው ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ በውስጤ አረርኩ።

«ከሰዓት በኋላ የት ነው የምትውለው?» ብለው ጠየቁኝ እትዬ አስካለ ከሚዛኑ ስወርድ።

«ቤት።»

«ጫትስ?»

«ትቻለሁ» አልኳቸው።

አልተውኩም ነበር። ጅቡቲን ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም። እኩለ ቀን አልፎ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ ከተማው ሥራውን ጥሎ ይቀመጣል። እኛ የትራንዚት ሰዎች የምንሰበሰበው ጉሌድ ቤት ነው። ፍራሹ በግድግዳው ዙሪያ ተነጥፏል፤ ትራሱ በግራ በኩል ነው። በግራ ክርን ተደግፎ፣ ወገብን አጥፎ፣ ጉልበትን ሰብስቦ አምስት ሰዓት መቀመጥ ነው። ሥራ ያለው ደግሞ እዚያ ነው፤ የማን ኮንቴይነር እንደተያዘ፣ ማን አዲስ ደንበኛ እንዳገኘ ቢሮ ውስጥ አይሰማም። አንድ ሳምንት የቀረ ሰው ይረሳል ብዬ እፈራ ነበር። ይህ ሰበቤ ነው፤ መውደዴንም አልክድም።

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ምሳዬ ቀረ፣ እራቴ ቀረ፣ ክብደቴ ወረደ። መቶ ስድስት የነበርኩት መቶ ገባሁ፣ ዘጠና ሰባት ገባሁ፣ ዘጠና ሦስት ገባሁ። ሐጂው አንድ ዓርብ አጨበጨቡልኝ። እትዬ አስካለ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ገና መቼ አየህ ሐጂ፣ አንድ ጆንያ ተኩል አደርገዋለሁ» አሏቸው። ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

እግሬ ግን እየባሰበት ሄደ። ስቅም ዝም ይላል፤ ምርቃናው ሲበርድልኝ ያጠራቀመውን ያወርድብኛል። ከባቴ ወደ ተረከዜ፣ ከተረከዜ ወደ ጣቴ ተመለሰ። «የት ደረሰ?» ሲሉኝ ስለ እግሬ እውነቱን እነግራቸው ነበር፤ በእግሬ አልዋሸሁም። እሳቸው ግራ ገባቸው። ክብደቱ እየወረደ፣ ሰውየው እየተራመደ፣ ሕመሙ ለምን ወደ ታች ይሄዳል? እርምጃዬን አሳጠሩ። ትንፋሹን ከአሥር ወደ አምስት አወረዱ። ያየ ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይለዋል፤ ላሟ የት እንደምትውል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ዓርብ አሸዋው ላይ ስንሄድ ከኋላዬ ጠሩኝ። «ሰለሞን፣ ጫማህስ?»

ወደ ታች አየሁ። የግራ እግሬ ባዶውን ነው። ነጠላ ጫማዬ ከኋላ ሃያ እርምጃ ላይ ወድቋል፤ ሲወልቅ አልተሰማኝም። እትዬ አስካለ አንሥተው ይዘውልኝ መጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። እግርህን ወደ ላይ አንሣ አሉኝ። ተረከዜ ላይ ቆሜ ጣቴን ላነሣ ብሞክር ጣቴ እንቢ አለ። ፊታቸው ተለወጠ፤ እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ።

«የማትነግረኝ ነገር አለ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።»

አራቱ ሴቶች ከበውን ቆመዋል። ይኸው ሰዓቱ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ያሰብኩት ግን ስለ ዘጠና ሦስት ኪሎዬ ነው፤ ስለ ሐጂው ጭብጨባ ነው፤ በእነዚህ ሴቶች ፊት ውሸታም ስለ መባል ነው።

«ምንም የለም እትዬ» አልኳቸው።

እጆቻቸውን ገለበጥ አድርገው አዩአቸው። «እንግዲያው ስህተቱ የኔ ነው። አንድ የረሳሁት ነገር አለ። ሥዕል ያሳያል እንጂ አያክምም፤ የማላውቀውን ነው የነካሁት።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እናንተም ከዛሬ ጀምሮ ይቅርባችሁ፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሰው አበላሻለሁ።»

ሴቶቹ ለመኑ። አንደኛዋ በእሳቸው ምክንያት ቀና ብላ መሄድ የጀመረች ናት፤ አለቀሰች። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ግን እኔ በቀነስኩ ቁጥር ይከብድ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ ሲየስታ ብሄድ ማንም አልነበረም።

ሐኪሙ ጣትህ እንዲህ ከቀጠለ ቀዶ ጥገና ነው አለኝ። በዚያው ሰሞን ማዳሟ የሥራ ዘመኗ አልቆ አገሯ ልትመለስ ሆነ፤ እትዬ አስካለም ጠቅልለው ድሬዳዋ ሊገቡ ነው መባሉን ሰማሁ። ልሸኛቸው አልሄድኩም። ሰማያዊውን ምንጣፍ በቪላው ዘበኛ እጅ ላኩልኝ። «እኔ ባላውቅበትም፣ ከባዶ ወለል ይሻለዋል በለው» ብለዋል።

ምንጣፉን ሳየው ነው ጫት ለመተው የቆረጥኩት። ጉሌድን ከእንግዲህ ከመጣሁ ያለ ጫት፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው አልኩት። ለሳምንት ያህል መሣቂያ ሆንኩ፤ ከዚያ ረሱኝ። ከሥራዬ ግን የጎደለ ነገር አልነበረም። ሆዴ ተከፈተ፣ መብላት ጀመርኩ፣ ተመልሼ ዘጠና ስምንት ገባሁ። እሳቸው ያሳዩኝን ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ምንም አልጨመርኩበትም፣ ምንም አልቀነስኩበትም። በአንድ ወር ሕመሙ ከጣቴ ወደ ባቴ ወጣ። ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ ዳሌዬ። ወገቤ ላይ ሲደርስ ባሰበት፤ አልደነገጥኩም። በአራተኛው ወር ጣቴ ተነሣ። ወፍሬ ዳንኩ። ኪሎዬ ከዚያ ወዲህ የወረደው በእግሬ እየሄድኩ ነው፤ ሲወርድም እንደ ቀንድ አውጣ ነው።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሆነው። ስልካቸውን ከዘበኛው ተቀብያለሁ። ስንት ጊዜ ቁጥሩን አውጥቼ አየሁት። ድኛለሁ ብላቸው «ምን ለወጥክ?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከበዓል በኋላ እደውላለሁ አልኩ፤ ከበዓሉ በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ አልኩ።

«ደህና ነው ሲሉ» አለች ትዕግሥት በስልኩ ውስጥ፣ «ድኗል ማለትዎ ነው?»

«ድኗል።»

ከበስተኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል። «እሷ እኮ ጅቡቲ ውስጥ አንድ ሰው አበላሸሁ ትል ነበር። ራስሽ ደውዪና ጠይቂያቸው ስላት፣ ባሰብኝ ካለኝስ፣ አንቺ ጠይቂልኝ ትለኛለች። የሰፈሩ ሰዎች ወገብ እንደምታሽል መስማታቸው አልቀረም፤ ወገባቸውን ሲያማቸው ይመጡባታል። አላውቅበትም እያለች ትመልሳቸዋለች። እኔን ራሴን ልብስ አጥቤ ሲይዘኝ ሐኪም ቤት ሂጂ ነው ያለችኝ።»

ያን ጊዜ ነገርኳት። በሆዴ እንደተኛሁ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫቱን፣ ፍራሹን፣ ሚዛኑን፣ አሸዋው ላይ የዋሸሁትን። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አፈርኩ» አልኳት።

«እሺ።»

«ልጄ፣ አክስትሽ ምንም አልተሳሳቱም። ወገብሽን አሁንም ካመመሽ ላሳይሽ እችላለሁ። ምንጣፍ አንጥፊና በሆድሽ…»

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶበታል። እግዜር ይስጥልኝ።» ዘጋችው።

በጎን ዞርኩ፣ ቀኝ ጉልበቴን አስቀደምኩ፣ ሁለት እጄን ወንበሩ ላይ አድርጌ ተነሣሁ። ጫማዬን አደረግኩና ወደ ሲየስታ ሄድኩ። ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው ሰፍቷል። ጫማዬ የወደቀበትን ቦታ አልፌ እስከ ጫፍ ሄድኩ። ስመለስ እንደ ልማዴ ሕመሙን ፈለግኩት፤ ከወገቤ እስከ ዳሌዬ፣ ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ እስከ ትንሿ ጣቴ። የትም የለም። ዛሬስ ቢያመኝ ምን ነበረበት አልኩ።